«በአጭሩ ምን አለች?»
ገጸ ባሕርያት ስለ ንግግር ሲነጋገሩ ሥልጣን እንዴት ይጋለጣል?

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አያቴን ይዤ ከዱከም አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። አያቴን «አኮ» ነው የምላት፤ በአፋን ኦሮሞ አያት ማለት ነው። አኮ አማርኛ ትሰማለች፤ ገበያ ወጥታ «ስንት ነው?»፣ «ቀንስልኝ» ለማለት አታንስም። ሕመሟን በአማርኛ ማስረዳት ግን አትችልም። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ እኔም ጠየቅኳት፣ አኮ መመለስ ጀመረች። ሕመሙ መቼ እንደጀመራት፣ በየትኛው ወር እንደባሰባት፣ ጎረቤት ምን እንደመከረቻት፣ በፊት የተሰጣትን የግፊት ኪኒን እንዴት እንደምትወስድ አንድ በአንድ አወራች። ሐኪሙ በር ላይ የሚጠብቀውን ሰው አየና ወደ እኔ ዞሮ «በአጭሩ ምን አለች?» አለኝ። እኔም «ራሴን ያመኛል አለች» አልኩት። በቃ። ያን ሁሉ ነገር በሦስት ቃል ጨረስኩት።

ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር። ያስታወሰኝ ባለፈው ሴሚስተር የወሰድነው የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ነው። መምህራችን «በምታነቡት ልቦለድ ውስጥ ሥልጣን ያለው ገጸ ባሕርይ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም እንደ ልማዳችን «ሀብት ያለው»፣ «ማዕረግ ያለው»፣ «ጠመንጃ የያዘ» እያልን ዘረዘርን። እርሳቸው ግን «እሱማ ማንም ያየዋል። እስቲ የሌላውን ሰው አነጋገር የሚተቸው ማን እንደሆነ ፈልጉ» አሉን። ክፍሉ ዝም አለ። እኔ ግን ወዲያው የመጣብኝ የሐኪሙ ድምፅ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ሐሳብ ከምናውቃቸው ልቦለዶች ምሳሌ እየወሰዱ ማስረዳት፣ በመጨረሻም ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን እንደሚነግረን ማሳየት ነው።

ስለ ንግግር መናገር ምን ማለት ነው?

በልቦለድ ውስጥ ገጸ ባሕርያት ስለ ፍቅር፣ ስለ መሬት፣ ስለ ገንዘብ ይነጋገራሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ራሱ ስለ ንግግሩ ይነጋገራሉ። «አፍህን ያዝ!»፣ «ምን ይለፈልፋል!»፣ «አማርኛህን አስተካክል»፣ «አንቱ በል እንጂ!»፣ «እብድ ነው፣ አትስሙት»፣ «በአጭሩ ተናገር» የሚሉት ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህ ቃላት ስናነብ በቀላሉ የምናልፋቸው ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ተናጋሪው በሌላው አፍ ላይ መብት እንዳለው የሚያምን መሆኑን ይናገራሉ።

መብቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ቃሉን ገልብጡት። ጌታው አሽከሩን «በአጭሩ ተናገር» ቢለው ማንም አይደነቅም። አሽከሩ ጌታውን «ጌታዬ፣ ነገር አያስረዝሙ፤ በአጭሩ ይናገሩ» ቢለውስ? ያ ታሪክ ወይ ቀልድ ነው፣ ወይ የአመፅ መጀመሪያ ነው። ሲገለበጥ የማይሆን ቃል ካገኛችሁ ሥልጣኑ ያለው እዚያ ጋ ነው ማለት ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችንም ይህንን ያሳያሉ። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ «በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ» እንላለን፤ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እንላለን። ሦስቱም ስለ ንግግር የተነገሩ ናቸው። ለማን ነው የተነገሩት ብለን ብንጠይቅ ግን ለንጉሡ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ምክሩ ለታችኛው ሰው ነው፤ እውነት አለው፣ ፍርሃትም አለበት።

«አንተ» እና «አንቱ»

በዚህ ረገድ አማርኛ ለደራሲ በጣም የተመቸ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ሁሉንም ሰው ይጠቀልላል። እኛ ግን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ» አለን። በሌለበት ስለምናማው ሰው እንኳ «አለ»፣ «አለች» ወይም «አሉ» ከሚሉት አንዱን ሳንመርጥ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አንችልም። ማለትም ስለ ሰው በተናገርን ቁጥር፣ ወደድንም ጠላንም፣ የሰውየውን ደረጃ እየፈረድን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አንቺ» የንቀት ቃል ነው ማለት አይደለም። እኔ ራሴ አኮን «አንቺ» ነው የምላት፤ ያሳደገችኝ በዚያ ነው፤ ዛሬ ተነስቼ «እርስዎ» ብላት «ምን አጠፋሁ?» ብላ ትደነግጣለች። ሐኪሙ ግን ሰባ ዓመት ያለፋትን ሴት ገና እንዳያት «አለች» ሲል ማን ፈቀደለት? ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ቃሉን የመምረጥ መብት ማን ሰጠው በሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ ልቦለድ ስናነብ መጠሪያው የሚቀየርበትን ቦታ ልብ ማለት ይገባል። ለምሳሌ አንድ አከራይና አንድ ተከራይ እናስብ። ኪራዩ በጊዜው ሲከፈል «እርስዎ» ነበር። በሁለተኛው ወር ኪራይ ሲዘገይ «ስማ አንተ» ይመጣል። ደራሲው «አከራዩ ተከራዩን መናቅ ጀመረ» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ሁለት ቃል በቂ ነው። ተከራዩ «ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የምትለኝ?» ብሎ የመለሰ ጊዜ ደግሞ ጠቡ የኪራይ መሆኑ ቀርቶ የክብር ይሆናል።

«ጉዱ» የተባለው ሰው

ወደ አገራችን ልቦለዶች ስንመጣ ዋናውን ምሳሌ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» እናገኛለን። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም ሲሆን ያላነበቡት እንኳ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተውታል። የድሃ ገበሬ ልጅ የሆነው በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ቤታቸው ይገባል፤ ከዚያም የሚሆነው ይሆናል።

በመጀመሪያ ልናየው የሚገባን በዛብህ ወደዚያ ቤት ያስገባው ቋንቋ መሆኑን ነው። ፊደል ያውቃል፣ ቅኔ ተምሯል። በዕውቀት ከሄድን በቤቱ ውስጥ ብዙዎቹን ይበልጣል። ነገር ግን ለሰብለ ፊደል ማስተማር ሲፈቀድለት «ልጅዎን ስጡኝ» ማለት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቋንቋ ማወቅና የመናገር መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በትምህርት ይገኛል፤ ሁለተኛው በዚያ ዘመን የሚገኘው በዘር ነበር። የልቦለዱ አሳዛኝነት ከሁለቱ መራራቅ የሚመጣ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምሳሌ ጉዱ ካሳ ነው። ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ» የሚለውን የጨመረለት ሰው ነው። ጉዱ ካሳ የመኳንንቱን ትዕቢትና የዘር ቆጠራውን በአደባባይ ይነቅፋል። አካባቢውስ ምን አለ? «ተሳስተሃል» ብሎ አልተከራከረውም። «ጉድ ነው፣ እብድ ነው» አለው። የዚህን ብልሃት ልብ በሉ። ለሰው ሐሳብ መልስ መስጠት ያደክማል፤ ምናልባትም መሸነፍ ያመጣል። «እብድ ነው» ማለት ግን ከመልስ መስጠት ይገላግላል። አንድን ንግግር ለማጥፋት የግድ አፍ መዝጋት አያስፈልግም፤ የተናጋሪውን ስም መቀየር ይበቃል።

ታዲያ ነገሩ ሁለት ስለት አለው። እብድ ስለተባለ ሌላው የማይደፍረውን ይናገራል፤ «የእብድ ነገር» ተብሎ ይታለፍለታል። ደራሲው የመጽሐፉን ትልቁን እውነት በእብድ በተባለ ሰው አፍ ውስጥ ማስቀመጡ እንዲሁ የሆነ ነገር አይደለም። በዚያ ሥርዓት እውነት በሕይወት መቆየት የምትችለው እዚያ ብቻ እንደነበር እየነገረን ነው።

ሦስተኛው የገባሮቹ ጉዳይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የሚጠይቁት ሲበዛባቸው ገበሬዎቹ እምቢ ይላሉ። ለፊታውራሪ ግን የገባር አቤቱታ አቤቱታ ሆኖ አይሰማቸውም፤ ድፍረት ሆኖ ነው የሚሰማቸው። ስለዚህ መልሳቸው ዘመቻ ይሆናል፤ መጨረሻውም በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች እጅ መማረክ ነው። እንደ ንግግር ያልተሰማ ነገር እንደ ጠመንጃ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

በዚሁ መስመር የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም) ማንሳት ይቻላል። የተማረው ወጣት መጠሪያ ራሱ የሚያደፈርስ ማለት ነው። ሳይናገር ገና በስሙ ተፈርዶበታል፤ አፉን የከፈተ ሁሉ የረጋውን ውሃ የሚያደፈርስ ይመስላል። ውሃው ከመጀመሪያውስ የጠራ ነበር ወይ የሚለውን ግን ማንም አይጠይቅም።

አስተርጓሚውና ኮሚሽነሩ

ከአገራችን ወጣ ስንል የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» (እ.ኤ.አ. 1958) ለዚህ ርዕስ የተጻፈ ይመስላል። ነጩ ሚሲዮናዊ ወደ መንደሩ ሲመጣ የሚናገረው በአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው የኢግቦ ተወላጅ ቢሆንም የሌላ አካባቢ ሰው ነውና «እኔ ራሴ» ለማለት የሚጠቀምበት ቃል በመንደሩ ሰዎች ጆሮ «መቀመጫዬ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ሥልጣኑ የሕዝቡ ነው፤ ምክንያቱም የንግግርን ስሕተት የሚፈርዱት እነርሱ ናቸው።

መጽሐፉ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የአውራጃው ኮሚሽነር የአገሬው ሰዎች ሲያነጋግሩት የማያስፈልግ ቃል ያበዛሉ ብሎ በልቡ ይናደዳል። የዚያን ሁሉ ገጽ ባለታሪክ የኦኮንኮን ሕይወትና ሞትም ሊጽፈው ባሰበው መጽሐፍ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ሊጨርሰው ያስባል። እኛ አንባቢዎች ሙሉ መጽሐፍ ያነበብንለትን ሰው እሱ በአንድ አንቀጽ! እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ አስቀመጥኩት። «በአጭሩ ምን አለች?» የሚለው ድምፅ ተመልሶ መጣብኝ።

የአስተርጓሚ ነገር ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ሕጋዊ ቋንቋ አድርጎ ነበር። በሸዋ ገጠር አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ገበሬ መሬቱን የሚከራከረው በሌላ ሰው አፍ ነበር። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ደግሞ ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በኦሮሚያ ክልልም የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። ዛሬ የዱከም ገበሬ በከተማው ቢሮ በራሱ ቋንቋ ይከራከራል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ማንኛውም ሕግ «በአጭሩ» የሚለውን ቃል አልሻረም። በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩ ሰዎች መካከልም ቢሆን አንዱ የሌላውን ንግግር ለመቁረጥ መብት አለኝ ብሎ ሲያስብ እናያለን።

ከታች ያለው ሰው ምን ያደርጋል?

የታችኛው ሰው ሁልጊዜ ዝም ይላል ማለት ግን አይደለም። ሰምና ወርቅ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሰሙን ለጌታው፣ ወርቁን ለሚገባው ያቀርባል። ጌታው ከተቆጣ «እኔ ያልኩት እኮ ሰሙን ነው» ማለት ይችላል። የትርጉም ብዛት ለደካማ ሰው ጋሻ ነው።

ዱከም የፋብሪካ ከተማ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅኔ እሰማለሁ። አብሮ አደጎቼ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። ከውጭ አገር የመጡ አለቆች አሉ፤ በመካከል አስተርጓሚ አለ። ሠራተኞቹ ከአለቆቹ ቋንቋ ቶሎ ብለው የሚማሩት «ፍጥን በል» እና «ጨርስ» የሚሉትን ነው፤ ምክንያቱም የሚነገራቸው እሱ ነው። በምላሹ ለእያንዳንዱ አለቃ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ስም አውጥተውለታል። አለቃው ስሙ ሲጠራ ይሰማል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅም፤ አብሮ ይስቃል። የአቼቤን መንደርተኞች ሳቅ ባነበብኩ ጊዜ የታወሰኝ የእነዚህ ልጆች ሳቅ ነው። ሳቁ ደመወዝ አይጨምርም። ቢሆንም ሰውየው ሙሉ በሙሉ እንዳልተሸነፈ ያሳያል።

ወደ ሙያችን ሲቀርብ፦ «ኦሮማይ»

ለእኛ በጣም የሚቀርበው ግን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም የወጣው ይህ ልቦለድ ዋና ባለታሪኩ ጋዜጠኛ ነው። ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አስመራ ይሄዳል። የእሱ ሥራ የሥልጣንን ቋንቋ ማዘጋጀት ነው፤ መፈክር፣ መግለጫ፣ የድል ዜና።

የመጽሐፉ ርዕስ ግን ከመፈክሮቹ አልተወሰደም። «ኦሮማይ» ከጣሊያንኛ መጥቶ በአስመራ ሰዎች አፍ የተለመደ ቃል ነው፤ አበቃለት፣ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም እንደማለት ነው። ያ ሁሉ የድል ንግግር በአንድ የተራ ሰው ቃል ተመዘነ ማለት ነው። ከላይ ያየነው ነገር እዚህ ተገለበጠ፤ የታችኛው ሰው ቃል የላይኛውን ንግግር «በአጭሩ» አጠቃለለው።

ሥልጣንም ይህንን ሳይረዳ አልቀረም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው በዓሉም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። በስፋት እንደሚነገረው መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ያ መንገድ እኔ ከዱከም አዲስ አበባ ስመላለስ የምሄድበት መንገድ ነው። ዛሬ መጽሐፉ በየመደብሩ ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ «ኦሮማይ» እንደተባለ በእንግሊዝኛ ታትሟል። ቃሉ ኖረ። ሰውየው ግን አልተገኘም።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይሄ ሁሉ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛ የምንጽፈው ዜና ነው» ይላሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። ዜና ማለት እኮ ሰው የተናገረውን መናገር ነው። ማለትም ቀኑን ሙሉ ስለ ንግግር የምንናገር ሰዎች እኛ ነን።

እስቲ በዜና ጽሑፋችን የምንጠቀምባቸውን ግሦች እንመልከት። ባለሥልጣን ሲናገር «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ»፣ «አስገነዘቡ» እንላለን። ምሁር ሲናገር «አብራሩ»፣ «አስረዱ» እንላለን። ነዋሪው ሲናገርስ? «ቅሬታቸውን አሰሙ»፣ «አማረሩ»፣ ሲብስም «ተማጸኑ»። ነዋሪው የቧንቧ ውኃ ለምን እንደጠፋ ከባለሥልጣኑ የተሻለ ምክንያት ቢያቀርብ እንኳ «አብራሩ» አንለውም። ባለፈው የልምምድ ሥራዬ ላይ ራሴን ይዣታለሁ። አንድ ገበሬ ስለ ጤፍ ዘር አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምሮኝ ስጽፈው «ቅሬታውን ገለጸ» ብዬ ጻፍኩ። «ገለጸ» ማለቴንም ልብ በሉ፤ አጠገቡ የቆመውን በዕድሜ የሚያንሰውን ባለሙያ ግን «ገለጹ» ብዬዋለሁ።

ከዚህ በመነሳት ልቦለድ ስናነብም ሆነ ዜና ስንጽፍ አራት ጥያቄዎች ብንጠይቅ ይጠቅመናል። አንደኛ፣ የሌላውን አነጋገር የሚያርመው ማነው? ሁለተኛ፣ «እብድ»፣ «ደፋር»፣ «ለፍላፊ» የሚል ስም የሚያወጣው ማነው? ሦስተኛ፣ በሌላ ሰው አፍ የሚናገረው ማነው፣ በመካከልስ ምን ቀረ? አራተኛ፣ «በአጭሩ» የሚለው ማነው? የአራቱም መልስ አንድ ሰው ከሆነ ባለሥልጣኑን አገኛችሁት። ያ ሰው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ማጠቃለያ

አሁን ያን ቀን የቆረጥኩትን ልናገር። አኮ ከተናገረችው ውስጥ አንዱ ኪኒኑን ለሁለት እየሰበረች እንደምትውጥ ነበር፤ ጤፉ እስኪሸጥ እንዲያደርሳት ብላ። እኔ ይህንን በሐኪሙ ፊት መናገር አፈርኩ። ድህነታችንን ማውራት መሰለኝ። «በአጭሩ» ሲለኝ ለመደበቅ ተመቸኝ። ሐኪሙም መድኃኒቱ እንዳልሠራ ገምቶ ጠንካራና ውድ በሆነ ቀየረላት። አኮ አዲሱንም ለሁለት እየሰበረች ወሰደችው።

ስለዚህ ጥፋቱ የሐኪሙ ብቻ አልነበረም። በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ሁለታችን በአኮ ቃል ላይ ሥልጣን ነበረን። ከሁሉ ይበልጥ የነበረኝ እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም ሐኪሙ የቀረውን አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ።

ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀት ስጀምር ዱከም ሄጄ ለአኮ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላም «ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ያወራሁት እንዲያውቀው ብዬ እንጂ ወሬ አምሮኝ መሰለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ስለ ኪኒኑ፣ ስለዚያ ዓመት ጤፍ፣ ስለ ጎረቤቷ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔም ደብተሬን አውጥቼ አላቋረጥኳትም።